ኤችኤምኤስ ጋኔት፦ የሱዳን ወደብ ሱአኪን ላይ የተዋጋችው ትንሽ የእንግሊዝ የጦር መርከብ። ስለሷ የሚያውቅ አለ?

ቴምዝ_ዳር
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እንግሊዝ አገር ኬንት ውስጥ ቻተም የሚባል የድሮ የባሕር ኃይል መርከብ መሥሪያ አለ። ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። እዚያ ከሚጎበኙት መርከቦች አንዷ ጋኔት ትባላለች። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠራች፣ በሸራም በእንፋሎትም የምትሄድ፣ ስሉፕ ከሚሏቸው አነስተኛ የጦር መርከቦች ወገን ናት። ታሪኳን ሳገላብጥ ሱአኪንና ቀይ ባሕር የሚሉ ስሞች ገጠሙኝና ጆሮዬ ቆመ። ዓመቱ 1888 ነው። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እንዳንጋጭ።) አፄ ዮሐንስ በጣሊያንና በደርቡሽ መሃል የተወጠሩበት ጊዜ ማለት ነው።

እስካሁን የሰበሰብኩት ይሄን ነው። ሺርነስ በሚገኘው የመንግሥት መርከብ መሥሪያ ተሠርታ ኦገስት 31 ቀን 1878 ውኃ ላይ ወረደች። ርዝመቷ 52 ሜትር፣ ወርዷ 11 ሜትር ገደማ። 140 የሚሆን ሰው ትይዛለች። ከ1879 እስከ 1883 ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ቆየች። ተመልሳ ከታደሰች በኋላ ከ1885 ጀምሮ ሜዲትራኒያንና ቀይ ባሕር ተመደበች። በ1895 ቻተም ላይ ከባሕር አገልግሎት ወጣች።

ጥያቄዬ አንድ ነው። በእኛ ደጃፍ ምን ስትሠራ ነበር?

መሐንዲሱ
ታሪኩን ለሚያውቁት ትቼ ስለ አሠራሯ ልናገር፤ ምክንያቱም እዚያ ድረስ ለምን እንደተላከች የሚገባችሁ በአሠራሯ ነው።

ጋኔት አጥንቷ ብረት፣ ቆዳዋ እንጨት ነው። ውስጧ የብረት ጎድን አለ። ከውጭ የቲክ ሳንቃ ተመትቶባታል። እንግሊዞች በዚያን ጊዜ ሙሉ የብረት መርከብ መሥራት አቅቷቸው አይደለም። ችግሩ ሞቃት ባሕር ነው። በሞቃት ባሕር የመርከብ ሆድ ላይ አረምና ዛጎል ይለጥፋል፣ እንጨት የሚበላ ትልም አለ። መድኃኒቱ ሆዱን በመዳብ ማልበስ ነው። መዳብን በቀጥታ ብረት ላይ ብታለብስ ግን ጨው ውኃው ውስጥ ብረቱ እየተበላ ያልቃል። ስለዚህ መሃላቸው እንጨት አስገቡ። እንዲህ የተሠራች መርከብ ጥገና ቤት በሌለበት ባሕር ላይ ዓመታት መቆየት ትችላለች።

ሁለተኛው ነገር ፕሮፔለሯ ነው። ሄዳችሁ ካያችሁ ከኋላዋ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ ጉድጓድ አላት። ሸራ ዘርግታ ስትጓዝ ፕሮፔለሩ ውኃ ውስጥ ከቀረ ይጎትታታል። ስለዚህ መርከበኞቹ በገመድ እየሳቡ በዚያ ጉድጓድ በኩል ወደ ላይ ያወጡታል። ሞተር ሲያስፈልግ መልሰው ይለቁታል። የድንጋይ ከሰል ውድ ነው፤ ፓስፊክ መሃል ላይ ደግሞ ከየት ይመጣል? ነፋስ ግን በነፃ ነው። በእንፋሎት ብቻ 11 ኖት ተኩል ያህል ትሄዳለች። በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር ማለት ነው።

መሣሪያዋ 7 ኢንች አፍ ያላቸው 2 ከባድ መድፎችና 64 ፓውንድ የሚተኩሱ 4 መድፎች ነበሩ። ሁሉም በአፈሙዝ በኩል የሚጎረሱ። ከትልልቅ የጦር መርከቦች ጋር ብትገጥም አንድ ሰዓት አትቆይም። የተሠራችው ግን ለዚያ አይደለም። መድፍ ለሌለው ሰው ነው የተሠራችው።

ጠጅ_ሣር
«መድፍ ለሌለው ሰው ነው የተሠራችው»። 😂 ወንድሜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረስከው።

የምፅዋ_ልጅ
@ቴምዝ_ዳር ጥሩ ነገር አነሳህ። ስለ ሱአኪን ልመልስልህ።

ሱአኪን የሱዳን ወደብ ነው። የማህዲ ሰዎች (እኛ ደርቡሽ የምንላቸው) ምሥራቅ ሱዳንን ሲይዙ ይቺን ወደብ ብቻ መያዝ አቃታቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከተማዋ በመሬት በኩል ብትከበብም ጀርባዋን ባሕሩ ላይ ያሉ የእንግሊዝ መድፎች ይጠብቁላታል። ከበባውን የሚመራው ኦስማን ዲግና ነበር። ራሱም የሱአኪን ልጅ ነው።

ጋኔት የደረሰችው ሴፕቴምበር 17 ቀን 1888 ነው። ዶልፊን የምትባለዋን ሌላ ስሉፕ ተክታ። በደረሰችበት ቀን ነው መተኮስ የጀመረችው። እስከ ኦክቶበር 15 ቆየች። አንድ ወር እንኳ አይሞላም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከትልልቆቹ መድፎች ከ200 በላይ ጥይት፣ ኖርደንፌልት ከሚባለው መትረየስ ደግሞ ወደ 1,200 የሚጠጋ ተኩሳለች። ከዚያ ስታርሊንግ የምትባል መርከብ መጥታ ተካቻት። በጠቅላላ ታሪኳ በእውነተኛ ውጊያ የተኮሰችበት ዋናው ጊዜ ይሄው ነው።

አሁን የእኛን በኩል ልጨምር። ኦስማን ዲግና የሚለው ስም ለኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ አዲስ አይደለም። ሴፕቴምበር 23 ቀን 1885 ኩፊት ላይ ራስ አሉላ የደመሰሱት ሰው ነው። እንግሊዝ ከባሕር በመድፍ ስትከላከለው የነበረውን ጦር የእኛ ሰዎች ፊት ለፊት ገጥመውታል። ሙዚየሙ ይሄን ቢያውቅ ጥሩ ነበር።

አዲስ_ከተማ
@የምፅዋ_ልጅ ኩፊትን ካነሳህ ሂዌትን ለምን ዘለልከው? አሉላ ኩፊት የሄዱት እኮ በእንግሊዝ ልመና ነው።

የምፅዋ_ልጅ
@አዲስ_ከተማ ልክ ነህ፣ ክሩ እንዳይረዝም ብዬ ነው። ካልክ ግን ላስገባው።

አድሚራል ዊሊያም ሂዌት ያን ጊዜ ቀይ ባሕርን ጨምሮ የምሥራቅ ህንድ የባሕር ኃይላቸው አዛዥ ነበር። በምፅዋ በኩል ወጥቶ አድዋ ድረስ በበቅሎ ሄደና ጁን 3 ቀን 1884 ከአፄ ዮሐንስ ጋር ውል ተፈራረመ። ስምምነቱ ባጭሩ፦ ኢትዮጵያ በደርቡሽ የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በግዛቷ አልፈው እንዲወጡ ትረዳለች። በምላሹ ቦጎስ (የከረን አካባቢ) ይመለስላታል። በምፅዋ በኩልም ዕቃዋ፣ መሣሪያም ጭምር፣ ያለ ቀረጥ ያልፋል። በዚያው ቀን የባሪያ ንግድን ስለማገድ ሌላ ውል አብሮ ተፈርሟል። ይሄን ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ኢትዮጵያ የበኩሏን ፈጸመች። እነሱስ? ስምንት ወር እንደሞላ፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1885፣ የጣሊያን ጦር ምፅዋ ላይ ወረደ። እንግሊዞች ቆመው አዩ። አዩ ብቻ ሳይሆን ደስ ብሏቸው ነው ያሳለፉት። አሉላ ከሰባት ወር በኋላ ኩፊት ላይ ለዚያ ውል ሲዋጉ ወደቡ እጃቸው ላይ አልነበረም።

ሊሙ_ቡና
በዚህ ክር ላይ እስካሁን ያልተነሳውን ነገር ላንሳ። ያቺ ሁለተኛ ውል ያልካት ወረቀት ላይ ስትቀር ባሕሩ ላይ ምን ይደረግ ነበር? ጋኔትም ሱአኪን ከመድረሷ በፊት ስትሠራ የነበረው እሱኑ ነው። ባሪያ የጫነ ሳምቡክ (የቀይ ባሕር የሸራ ጀልባ) ማሳደድ።

ኦስፕሬይ የምትባል መርከብ ነበረች። እሷም ስሉፕ ናት። የተሠራችው እዚያው ሺርነስ፣ ከጋኔት ሁለት ዓመት ቀድማ በ1876 ነው። ርዝመታቸው አንድ፣ ወርዳቸው አንድ፣ መሣሪያቸውም ተመሳሳይ። የጋኔት ዓይነቶቹ የተነደፉት የኦስፕሬይን ዓይነቶች መነሻ አድርገው ነው። ስለዚህ @ቴምዝ_ዳር፣ ቻተም ሄደህ ጋኔት ላይ ስትቆም ኦስፕሬይ ምን ትመስል እንደነበር እያየህ ነው።

ጋኔት ሱአኪን የደረሰችው ሴፕቴምበር 17 ነው አይደል የተባለው? ኦስፕሬይ በዋዜማው፣ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1888፣ ከባብ ኤል መንደብ አካባቢ ሦስት ሳምቡኮች ያዘች። ኮማንደሯ ጊሲንግ ይባላል። ሳምቡኮቹ ከራሃይታ፣ ከአፋር ጠረፍ፣ ተነስተው ወደ አረብ አገር የሚሻገሩ ነበሩ። በውስጣቸው 204 ሰው ተገኘ። ኦሮሞዎች። አብዛኞቹ ልጆች። በእኛ አቆጣጠር እንቁጣጣሽ ካለፈ ሳምንት እንኳ አልሞላም፣ 1881 ዓ.ም. መስከረም መባቻ።

አሻጋሪዎቹ ጠባቡን ባሕር በአንድ ሌሊት ነፋስ ማለፍ ይችላሉ። መርከቧ ብቻዋን ብትጠብቅ ጭሷ ከሩቅ ይታያል፤ ኮራሉ ጋም መጠጋት አትችልም። ስለዚህ የመርከቧን ጀልባዎች ያወርዱና ጥቂት መርከበኞች ይዘው ደሴት ተገን አድርገው ያድራሉ። ሥራው በቀዘፋና በትዕግሥት ነው። ለመርከበኛውም የሚከፈል ጉርሻ ነበረው፤ ነፃ በወጣው ሰው ቁጥር የሚታሰብ። ስለዚህ ሁሉም በጽድቅ ሌሊቱን አላደረም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። እነዚያን ልጆች ከሊሙ፣ ከጅማ፣ ከጉማ አካባቢ እስከ ጠረፍ ያወረዳቸው እንግሊዛዊ አይደለም። የእኛው ነጋዴ ነው። የሸጠው የእኛው ሰው ነው። ስለ ምፅዋ ስንቆጭ ይሄንንም እንቁጠረው።

ጠጅ_ሣር
ይሄን አላውቅም ነበር። ልጆቹስ? ወደ አገራቸው ተመለሱ?

ሊሙ_ቡና
@ጠጅ_ሣር አልተመለሱም እህቴ። መጀመሪያ የመን ወደብ ኤደን ነው የተወሰዱት። ከፊሎቹ ኤደን አጠገብ ሼክ ኦትማን የሚባል ቦታ በነበረው የስኮትላንድ ሚሲዮን ተቀመጡ። አየሩ ለደጋ ልጅ የሚሆን አልነበረም። ታመሙ፣ የሞቱም አሉ። በ1890 የተረፉትን፣ በኋላም ከተጨመሩት ጋር፣ 64ቱን በመርከብ ጭነው ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል የሚባል የሚሲዮን ትምህርት ቤት ላኳቸው። 42 ወንዶችና 22 ሴቶች።

ከመሄዳቸው በፊት ግን ኦሮምኛ አዋቂ አስተርጓሚዎች ባሉበት እያንዳንዳቸው ተጠየቁ። የአባትህ ስም ማነው? አገርህ የት ነው? ስንት ከብት ነበራችሁ? ማን ወሰደህ? በስንት ተሸጥክ? በየት በየት መጣህ? የ64ቱም ቃል ተጽፎ ዛሬም አለ። ቀይ ባሕርን ከተሻገሩት ሺዎች ውስጥ ይሄን ያህል ስምና ዝርዝር የተረፈለት ቡድን ፈልጋችሁ አታገኙም።

ኦስፕሬይ ራሷ በዚያው በ1890 ተሸጣ ፈረሰች።

ጠረጴዛ_ተራራ
ከኬፕ ታውን ነው የምጽፈው። የ@ሊሙ_ቡናን ላስቀጥል፤ ከልጆቹ የአንዷን ታሪክ እዚህ ብዙ ሰው ያውቀዋልና።

ቢሾ ጃርሳ ትባላለች። ወላጆቿ ሞቱባት። ዘመኑ የድርቅና የበሽታ ዘመን ነበር፤ የክፉ ቀን ዋዜማ። ከዚያ ለጥቂት በቆሎ ተሸጠች። ባሪያ ንግድ ሲባል ወርቅና ዝሆን ጥርስ የሚታየው ሰው ይሄን ይስማ፤ የአንዲት ልጅ ዋጋ ጥቂት በቆሎ ነበር። ላቭዴል ተማረች። አስተማሪ ሆነች። ክራዶክ በሚባል ከተማ አግብታ ወለደች።

የልጇ ልጅ ኔቪል አሌክሳንደር ነው። በ1936 ክራዶክ ተወለደ። አፓርታይድን በመቃወሙ ሮበን ደሴት 10 ዓመት ታሰረ፣ ማንዴላ በነበረበት እስር ቤት ማለት ነው። ሲወጣ የቋንቋ ምሁር ሆኖ፣ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ሲሟገት ኖሮ በ2012 አረፈ። ልጅ ሳለ አያቱ ብቻዋን ስትሆን ማንም በማይሰማው ቋንቋ ስታወራ ይሰማት ነበር። እናቱ ከእግዚአብሔር ጋር እያወራች ነው፣ ተዋት ትለዋለች። አያቱ ባሪያ ሆና የተሸጠች ኢትዮጵያዊት መሆኗን ያወቀው አድጎ ነው።

ከላቭዴል ልጆች አገራቸው መግባት የፈለጉም ነበሩ። ብዙ ደጅ ከጠኑ በኋላ በ1909 አሥራ ሰባቱ ኢትዮጵያ ተመልሰዋል።

አዲስ_ከተማ
ታሪኩ ልብ ይነካል፣ አልክድም። ግን እንግሊዝን ጻድቅ አድርገን እንዳንወጣ። ነፃ አወጣን ብለው ልጆቹን ከአገራቸው ጠረፍ አንስተው የአፍሪካ ጫፍ ጣሏቸው። ከራሃይታ ላቭዴል! ነፃነት ይሄ ነው?

ሊሙ_ቡና
@አዲስ_ከተማ ጥያቄህ ተገቢ ነው። እስቲ ግን በዚያች ሴፕቴምበር አንተ ጊሲንግ ብትሆን የት ትመልሳቸዋለህ? ራሃይታ ብታወርዳቸው እዚያው ጠረፍ ላይ የሸጣቸው ነጋዴ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ወደ መሃል አገር የሚወስደው መንገድ የመጡበት የነጋዴ መንገድ ነው። በዚያ ላይ ረሃቡ እየገባ ነው፤ ከብቱ «ደስታ» በሚባለው የከብት በሽታ እያለቀ ነው። በዚያን ቀን ኤደን መውሰዳቸውን አልወቅስም። የምወቅሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ወደ ላቭዴል ሲላኩ «አገራችሁ መግባት ትፈልጋላችሁ ወይ?» ብሎ በቅጡ የጠየቃቸው የለም። ያ ጥያቄ የቀረበላቸው አድገው ሰው ከሆኑ በኋላ ነው።

መሐንዲሱ
ወደ መርከቧ ልመለስና ስለ ሌላ እህቷ ላጫውታችሁ፤ ከእነዚህ መርከቦች ላይ መሥራት ራሱ ምን ያህል አደገኛ እንደነበር ያሳያል።

ዶተረል ትባላለች። የጋኔት ዓይነቶቹ መጠሪያ ስም ከሷ ነው የተወሰደው። ወደ ፓስፊክ እየሄደች ሳለ ኤፕሪል 26 ቀን 1881 ቺሊ ጫፍ ላይ፣ ፑንታ አሬናስ ወደብ ቆማ እያለ ፈነዳች። 143 ሰው ሞተ። የተረፉት 12 ናቸው። መጀመሪያ ከድንጋይ ከሰሉ የወጣ ጋዝ ነው ተባለ። በኋላ ግን ጥፋቱ የአንድ ቀለም ማድረቂያ ፈሳሽ መሆኑ ታወቀ። ማሰሮው ተሰንጥቆ ሲያንጠባጥብ ትነቱ የመርከቧን ሆድ ሞላው። እሳት አገኘውና ከባሩድ ማከማቻው ጋር ተያያዘ። ለቀለም ብለው የጫኑት ነገር ነው የጦር መርከብ ያጠፋው።

ቴምዝ_ዳር
ወይ ጉድ! አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ይሄ ሁሉ መጣ። አመሰግናለሁ፣ በተለይ @ሊሙ_ቡና እና @ጠረጴዛ_ተራራ።

እኔ በበኩሌ የመርከቧን መጨረሻ ልሙላ። ሱአኪን ከጨረሰች በኋላ ሜዲትራኒያን ላይ የባሕር ካርታ ሥራ ሠርታለች። ከ1895 በኋላ ሥራ ፈትታ ቆየችና በ1903 ፕሬዚደንት የሚል ስም ተሰጥቷት ሎንዶን ውስጥ የተጠባባቂ ባሕርተኞች ማሠልጠኛ ሆነች። ቀጥሎ ሜርኩሪ ተባለችና ሃምብል ወንዝ ላይ የባሕር ትምህርት ቤት ልጆች ማደሪያ ሆነች። ልጆቹ ከጣሪያዋ ላይ በተንጠለጠለ የሸራ አልጋ ነበር የሚተኙት። ትምህርት ቤቱን ለረጅም ዘመን የመራው ሲ. ቢ. ፍራይ የሚባል ታዋቂ የክሪኬት ተጫዋች ነው። የሚስቱ ቅጣት ግን ከሱ ይልቅ ይፈራ ነበር ይባላል። ትምህርት ቤቱ በ1968 ተዘጋ። በ1987 ቻተም መጣች፣ በ2004 እድሳቷ አለቀ። ከጓደኞቿ ሁሉ ያተረፋት እንግዲህ ጀግንነቷ አይደለም። መኝታ ቤት መሆኗ ነው።

አዲስ_ከተማና ሊሙ_ቡና የተከራከራችሁበት ላይ አስተያየቴን ልስጥ። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስታዩ መርከቧ ጻድቅም ኃጥእም አትመስለኝም። በ16 አንደኛዋ ልጆች ታወጣለች። በ17 ሌላዋ ከተማ ዳር ያለ ጦር በመድፍ ትደበድባለች። ሰዎቹ ተቀያይረው ቢላኩም ያንኑ ያደርጉ ነበር። ትእዛዙ የመጣው ከአንድ ቢሮ ነው። ያው ቢሮ ነው ምፅዋን ለጣሊያን ሲለቅ «ባሕር ኃይላችን ሥራ በዝቶበታል» ያላለው። ነገር ግን ቢሾ ጃርሳን ካነበብኩ በኋላ ሳምቡኩን ባያስቆሙት ይሻል ነበር የሚል ክርክር አልገባም።

አዲስ_ከተማ
@ቴምዝ_ዳር እኔም ባያስቆሙት ይሻል ነበር አላልኩም። ምስጋናው ከሂሳቡ ጋር ይሁን ነው ያልኩት። ምፅዋ ሂሳቡ ውስጥ ትግባ።

የምፅዋ_ልጅ
ትግባ እንጂ! ፈርሜያለሁ። 😄

ጠጅ_ሣር
@ቴምዝ_ዳር ለፋሲካ እረፍት ልጆች ይዤ እንግሊዝ ልመጣ ነው። ቻተም ለልጅ ይሆናል?

ቴምዝ_ዳር
@ጠጅ_ሣር በደንብ ይሆናል። ጋኔት ላይ ወጥተው መዞር ይችላሉ። መሰላሉ ቀጥ ያለ ነው፣ ታችኛው ወለል ላይም ረጅም ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው፤ ለልጆች ግን ምንም አይደል። ካቫሊየር የምትባል የሁለተኛው ዓለም ጦርነት መርከብና ኦሴሎት የምትባል ሰርጓጅ መርከብም እዚያው ግቢ ናቸው፣ ስለዚህ ሙሉ ቀን ያዢ። ፕሮፔለሩ የሚወጣበትን ጉድጓድ አሳዪአቸው፣ መሐንዲሱ የጻፈውን ካነበብሽላቸው በኋላ ቢሆን ይሻላል።